ቀይ ክር

ጎማው አንዴ ሲዞር፣ ሁለት ሜትር ከዐሥር፤
እንዳይምታታኝ ብዬ ከራጂው ላይ አሰርኩ ቀይ የሹራብ ክር።
ክሩ ብቅ ባለ ቁጥር
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… ከንፈሬ ሲቆጥር፣
መቶ ዙር በሞላ ጊዜ፣ ሳልዘነጋ በየተራ፣
አንዲት የሽምብራ ፍሬ ከቀኝ ኪሴ ወደ ግራ።
ማንኩሳ ሳልደርስ ራበኝና ሁለቱን ቆረጠምኩ፤
አራት መቶ ሃያ ሜትር ከውብርስት መንገድ ሰረቅኩ።
(ተመልሼ ለካሁ።)

ውብርስት ተማሪዬ ናት፤ ዘንድሮ ዐሥራ አንደኛ ክፍል፤
ጠባቡን ሜዳ ስትዞር፣ ጤፍ የምታበራይ ይመስል፣
እግሯ ግን ሠላሳ ሁለት ኪሎ ሜትር ይጠይቃል በግልጽ ቃል።
ስለዚህ እሑድ እሑድ፣ ደብተሬን ከቀበቶዬ ሸጉጬ፣
መንገድ እለቃቅማለሁ ባሮጌ ብስክሌት ተቀምጬ።

አስፋልቱን መጀመሪያ ሰረዝኩ።
ከተማችን ፍኖተ ሰላም ናት፤ የሰላም መንገድ ማለት ነው፤
ግእዝ ያልቆጠረ አይሱዙ፣ በአንድ መብራት ሲበር በሌሊት፣ ምኑን ሊያውቀው?
ኩርባው ላይ ጥግ የለውም፤ ያለው ጡሩንባና ቦይ ነው።

ቅዳሜን ሰረዝኩ፦ ገበያተኛ ከነከብቱ ይወርዳል፤
እንጨት የጫነ አህያ የሯጭ ጉልበት መች ይለያል?
ድልድይ የሌላትን ጅረት፣ ከሐምሌ እስከ ጳጉሜ፣
«ከቁርጭምጭሚት ካለፈ ተመለሺ» ብዬ ጻፍኩባት በቀይ ቀለሜ።

የውሾቹ ጉዳይ ግን በደብተር አያልቅ፤
ዳቦ ቆርሰን በር በሩን ዞርን ለመተዋወቅ፤
የአቶ ደመላሽ «ዳኛው»፣ የእማሆይ ብርነሽ «ሰው ቢሰማ»፣
የወፍጮ ቤቷ ጆሮ ቆራጣ፣ ስም ያልወጣላት ከናካቴው፣
እጇን አሸተቱ፤ ዳቦውንም በሉ።
«በቃ፣ ዘመድ ናት» አሉን ባለቤቶቹ፤
ውሾቹ ምንም አላሉ።

ከሁሉ የኮራሁበት ዐሥራ ዘጠነኛው ኪሎ ሜትር ነው፤
ግራ ቀኝ ቆሞ ባሕር ዛፉ ቀትሩን የሚመክተው።
መሬቱ ቅጠል የለበሰ፤
መኪና የለ፣ ውሻ የለ፣ ሰው የለ፤
ከዚህ የተሻለ የት አለ?
«ጥላ አለው። ደኅና» ብዬ ጻፍኩና ከሥሩ አሰመርኩ፤
ያን ዕለት እንደ መሐንዲስ ተንጋልዬ አደርኩ።

እሑድ ከሌሊቱ ዐሥራ አንድ ላይ ጫማዋን አጥብቃ ወጣች፤
አንድ ሰዓት ከአርባ ስጠብቃት፣ ሁለት ሲሞላ መጣች።
«ራቀብሽ?»
«የለም መምህር፤ ዐሥራ ዘጠኝን ዘለልኩት» አለች።

ምነው አላልኩም። ደብተሩን ሳበች፤ እርሳሱን በጥርሷ ሾል አድርጋ
ከደኑ አፍ ላይ ቀለሰች መስመሬን፣
ቦኖው ጋ አወጣችው፣ ሴቶቹ ሳይነጋ ጀሪካን ከሚደረድሩበት ተራ፣
ከወይዘሮ ዘርትሁን ደጅ፣ ማሾዋ እስኪነጋ ከሚበራ፣
ከዚያ አቀበት፣ ከዚያ የወፍጮ ቤቱ ጓሮ።
አንድ ኪሎ ሜትር ከስድስት መቶ ጭማሪ አለው።
«ይረዝማል እኮ» አልኳት።
«አዎ» አለች። «ሰው ግን አለው።»

እኔ ያን ደን ያየሁት በቀትር ነው፤ ጢሜን ይዤ፣ በጎማ።

በማግስቱ አዲሱን መስመር ልለካ በእሷ ሰዓት ወጣሁ፤
የደኑ አፍ ላይ ስደርስ ጎማዬን በዐይኔ አጣሁ፤
ክሩ የለም። ራጂው የለም። የሚሰማኝ የሰንሰለቱ
ሲጢጥታና፣ ከግንዶቹ መሀል፣ የሆነ ሳል፣ የማይታይ ፊቱ።
ሽምብራዬን ጨብጬ መሪዬን ወደ ቦኖው አዞርኩ፤
ስንት ዙር እንደ ሄድኩ እንጃ፤ አልቆጠርኩ።

አንዷ ፋኖስ አነሣች፣ ፊቴ ድረስ አስጠግታ፤
«መምህሩ ነኝ» አልኳት።
«በሌሊት?» አለች፣ ሳቋን ገትታ።
ብርሃኑ ከጎማው ላይ ወደቀ፤
ቀዩ ክር ብቅ አለ፦
አንድ።